ሞንታርቦና ቦክስ ጊታር

ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። ሶዶ መርካቶ ውስጥ ይህን ብትናገሩ ግን የሚያምናችሁ የለም። እኛ ጋ ሞንታርቦ ማለት ድምፅ ማጉያ ነው፣ አለቀ። ከቻይና የመጣውም ሞንታርቦ ነው፣ ለሠርግ የሚከራየውም ሞንታርቦ ነው፣ በምርጫ ሰሞን መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ከተማውን የሚዞረውም ሞንታርቦ ነው። ጥቁር ሳጥን ሆኖ በእግር ከቆመና ከጮኸ ሌላ መታወቂያ አይጠየቅም። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ ስም የሚሆነው ዕቃው ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ነው። ሞንታርቦም አንድ ሥራ ነበረው፦ ከሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ሩቅ ያለውን ሰው መድረስ።

እኔ ቀን ቀን ኮድ ጸሐፊ ነኝ። የተማርኩት ምህንድስና ነው። ማታ ማታ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚሁ ሶዶ አንድ ካፌ ውስጥ ቦክስ ጊታር እጫወታለሁ። ለዚህች ሥራ ከሞንታርቦ በጣም የምታንስ የጊታር ማጉያ አለችን፤ በአንድ እጅ የምትነሣ። ይቺ ትንሽ ሳጥን የት ትቀመጥ የሚለው ጥያቄ ነው ወደ ታሪኩ የወሰደኝ። መልሱ ቀላል ይመስላል። ግን የት እንደሚቀመጥ ከማወቃችን በፊት እኛ ድምፅን የት የት ስናስቀምጥ እንደኖርን ማየት ደስ ይላል።

መብራት ከመምጣቱ በፊት የሚጎላው ድምፁ ሳይሆን አቀማመጡ ነበር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ አንድ ቦታ አይተከልም። ድምፁ ካልደረሰ አዝማሪው ራሱ ይደርሳል፤ እንግዳው ፊት ሄዶ ይቆማል፣ ስሙን ይጠራል፣ ይሞግተዋል። በገና ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ደርዳሪው ተቀምጦ ሰሚው ይጠጋል። ስለ በገና ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከ10ሩ አውታሮችና ከበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ያ የምናውቀው የሚንዛዛ ድምፅ ይወጣል። በምህንድስና ቋንቋ፣ እንዚራው ከወፍራሙ ድምፅ ላይ ጆሮ ይበልጥ የሚሰማቸውን ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል። አንድም ዋት ሳይጨመር መሣሪያው ጎላ ብሎ ይሰማል። ከየትኛውም ፋብሪካ በፊት የተሠራ ማጉያ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በእኛ አካባቢ፣ በወላይታና በጎረቤቶቿ፣ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠሩ ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ነፊ ዜማውን ሁሉ አይነፋም። የራሱን ድምፅ ይዞ ተራው ሲደርስ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ማን ከማን ጎን ይቆማል የሚለው የዜማው አካል ነው። አንዱ ጎረቤቱን ካልሰማ ተራውን ይስታል። መስከረም ላይ ለጊፋታ ሕዝቡ ሲወጣ እንዲህ ያለው ጨዋታ ሜዳ ይሞላል፤ ማንም ሽቦ አይዘረጋም።

ከዚያ ኤሌክትሪክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1915 ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ካሊፎርኒያ ውስጥ በገና ዋዜማ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አደባባይ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግርና ሙዚቃ በማጉያ አሰሙ። ከ4 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሳንዲያጎ ላይ በነሱው መሣሪያ ንግግር አደረገ። እንግዲህ ድምፅ ማጉያ በዓለም ላይ በሰፊው የታየው ሹም ለሕዝብ ሲናገር ነው። እኛም አገር ከዚያ ብዙ አልራቀም። ሬዲዮ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዜና የሚሰማው አደባባይ ላይ ከተሰቀለ ማጉያ ሥር ቆሞ ነበር። አንዱ ይናገራል፣ ብዙው ያዳምጣል፤ ማጉያው ከላይ፣ ሰሚው ከታች።

የሙዚቃችን ዘመናዊ ታሪክም መጀመሪያ ማጉያ የሚያስፈልገው አልነበረም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች፣ አስተማሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የነሐስ ባንድ ነበሩ። ትራምፔትና ትሮምቦን ማይክ አይለምኑም። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም በዚሁ የነሐስ ጉልበት ላይ የቆሙ ናቸው። ማይክ የሚያስፈልገው ዘፋኙ ብቻ ነበር፣ ከነሐሱ ጋር ለመፎካከር።

ነገሩን የለወጠው ጊታር ነው። እንደ ዋልያስ፣ እንደ አይቤክስ፣ ኋላም እንደ ሮሃ ያሉ ባንዶች ሲመጡ፣ እንደ ሰላም ሥዩም ያሉ ጊታሪስቶች ፊት ሲወጡ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ማጉያ ኖረው። ያ ማጉያ የቆመው ከሕዝብ ፊት ሳይሆን ከተጫዋቹ ጀርባ ነው። ተጫዋቹ ራሱን ይሰማል፣ ጎረቤቱን ይሰማል፣ ሕዝቡም ያንኑ ይሰማል። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ፣ በደርግ ሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ሲያድር፣ በክፍሉ ውስጥ የነበረው እንዲህ ዓይነት ድምፅ ነው። ለእኔ ይህ ከሞንታርቦው ፈጽሞ የተለየ ሐሳብ ነው፦ ሙዚቃው ከሰዎቹ በኩል ይመጣል እንጂ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከቆሙ ሁለት ግንቦች አይመጣም።

ቦክስ ጊታር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ምክንያቱ የራሱ ሰውነት ነው። ሆዱ ክፍት ነው፤ እንደ ከበሮ ከውጭ የመጣ ድምፅ ያርገበግበዋል። የብዙ ቦክስ ጊታሮች የሆድ አየር በሴኮንድ 100 ጊዜ ገደማ ሲነቃነቅ መርገብገብ ይወዳል፤ ይህም የ«ኤ» ወፍራም አውታር የሚሰጠው ድምፅ አጠገብ ነው። ማጉያውን ከጀርባው ካስቀመጣችሁ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ ጊታሩ እንደገና ይልከዋል፣ ማጉያው እንደገና ያጎላዋል። ድምፁ ከወጣበት በልጦ ከተመለሰ ማቆሚያ የለውም፤ ያጓራል ወይም ያፏጫል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ መቆሚያ ሳይሰጠው ራሱን ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ነው። ስሙ ፊድባክ ነው፤ የሠርግ ቤት ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚይዝበት ነገር።

መፍትሔው ከየት መጣ ብትሉ፣ ከሄሊኮፕተር ፋብሪካ። ቻርልስ ካማን ሄሊኮፕተር የሚሠራ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ ጊታርም ይጫወታል። የሄሊኮፕተር ሥራ ግማሹ ንዝረትን መግራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኦቬሽን የሚባለውን ጀርባው ክብ የሆነ ጊታር አወጣ፤ ቀጥሎም ከአውታሮቹ መቀመጫ ሥር ፒየዞ የሚባለውን የንዝረት መያዣ አስገቡበት። ፒየዞ ማለት ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማዕድን ነው፤ ጠባዩን ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ካገኙት እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ይታወቃል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ማይክ አየሩን ሁሉ ይሰማል፣ ፒየዞ ግን በዋናነት አውታሩን ነው የሚሰማው። ሆዱ አሁንም ይርገበገባል፤ ነገር ግን መንገዱ ጠበበ።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ማጉያዎቹን ሁሉ እንደ ግድግዳ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ደረደረ። ማይኮቹ ፊታቸውን ወደ ማጉያ ይዘው እንዴት አላጓሩም? ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለት ማይክ ሰጡት፣ አንዱ ሽቦው ተገልብጦ። ዘፋኙ የሚዘፍነው በአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱም እኩል የሚሰሙት የግድግዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዛሬ በትናንሽ የቦክስ ጊታር ማጉያዎች ላይ «ፌዝ» የምትል ቁልፍ አለች፤ የዚያ ዘመድ ናት። ድምፁን ትገለብጠዋለች፤ ሲያጓራ ተጫኗት፣ አንዳንዴ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ወላይታ ልመለስ፤ እዚህ ጉዳዩ ከፊዚክስ ይወፍራል።

የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 ወጡ። ጥለውት የሄዱት ምእመን በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ አገኙት። ያን ያህል ሕዝብ ያለ ማጉያ፣ በራሱ ቋንቋ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይዘምር ነበር። በደርግ ጊዜ ብዙ አጥቢያዎች ተዘጉ። ዝማሬው ወደ ቤት ገባ፣ ዝቅ አለ። በዚያ ዘመን ጊታር ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በጣት ሥጋ ብቻ ነበር የምንነካው ይላሉ፤ ጥፍር ከነካው ድምፁ ግድግዳ ያልፋል። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው ከአውታሩ ላይ የሚያንቀላፋ የሚመስለው።

በ1983 ደርግ ወደቀ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ሞንታርቦም ገባ፤ ወደ ጸሎት ቤት፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ አደባባይ። ሰው የሶዶ ድምፅ ለምን እንዲህ ይጮሃል ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔም ሌሊት ላይ አማርሬ አውቃለሁ። ግን ለዓመታት በጣት ሥጋ የነካ ሰው ማጉያ ሲያገኝ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቢያዞረው ምን ይደንቃል? ይህ የእኔ ንባብ ነው። ከደርዘን የዴሲቤል ክርክሮች ይልቅ ነገሩን ይገልጽልኛል።

የሆነ ሆኖ ካፌያችን አደባባይ አይደለም። ርዝመቱ 8 ሜትር ቢሆን ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ድምፅ የሚውጥ ነገር የሰው ልብስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብዙ ልጆች ትንሿን ማጉያ መሬት ላይ፣ ጥግ ላይ ያደርጓታል። ሁለቱም ቦታ መጥፎ ነው። ጥግ ያለው ግድግዳና ወለል ወፍራሙን ድምፅ እየመለሰ ያበዛዋል፣ ጊታሩ በርሜል ይሆናል። ወለል ላይ ያለች ማጉያ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የምትልከው በቀጥታ ወደ ፊት ነው፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፒከር የሚወጣ ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ጠባብ ነው። በተጫዋቹ ጉልበት ሥር ያልፋል። እሱ ታፍኖ ይሰማውና ቀጭኑን ይጨምራል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ጆሮው ይወጋል።

ስለዚህ ከፍ ትላለች። ደህናዎቹ ማጉያዎች ከታች ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የሚገባበት 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አላቸው። ማቆሚያ ከሌለ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ተደራርቦ፣ ከላይ የታጠፈ ጨርቅ፤ ጨርቁ ሳጥኑ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ማቆሚያ ካለ እግሮቹን እስከ መጨረሻ መክፈት፣ አንዱን እግር ወደ ሰው በኩል ማዞር፣ ገመዱን በእግሩ ላይ አንድ ዙር መጠቅለል፤ አስተናጋጅ ትሪ ይዛ ስታልፍ ገመድ የምትስበው ሁሌ ከላይ ነው። ከፍታው የተቀመጠ ሰው ጆሮ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። ቦታው ከተጫዋቹ ጎን፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ የጊታሩ ሆድ ወደ ስፒከሩ ሳያይ። እኔ ቀኝ እጅ ስለሆንኩ በግራዬ፣ በጊታሩ አንገት በኩል ትሆናለች፤ አንገቱ ካጓራ ዘወር ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ግድግዳው ቢያንስ ክንድ ያህል ይራቅ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ክፍት ቦታ ላይ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ስለዚህ ጊታሩን ከማጉያው ከ50 ሳንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ማራቅ ቁልፍ ከማዞር ይበልጣል።

መብራቱ ነገር ደግሞ አለ። ሶዶ መብራት ሲሄድ ሞንታርቦ ይሞታል። ሮላንድ ኤሲ-33 የምትባለው ማጉያ ግን የግድግዳ ሰዓት ውስጥ በሚገባው ዓይነት 8 የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፤ ክብደቷም 5 ኪሎ አይሞላም። በመብራት 30 ዋት፣ በድንጋይ 20 ዋት ነው የምትሰጠው። 20 ዋት ለሠርግ ምንም ነው፤ ለ8 ሜትር ክፍል ግን ከበቂ በላይ ነው። ሻማ ሲበራ ሰዎች ወሬያቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኛም ቁልፉን እንመልሳለን።

ጋሼ አንድ ማታ መጥተው ከማጉያዋ ጎን ተቀመጡ። ድምፁ በዛብዎት እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልበዛም አሉ። ሁለተኛውን ዜማ ጨርሰን ስናርፍ ተነሥተው ማቆሚያውን በሁለት እጃቸው ያዙና ትንሽ ወደ ጓዳው በር አዞሩት። ቡና የምታፈላው ልጅ ከጀበናው አጠገብ ቆማ ነበር የምታዳምጠው።