«መሻገር» እና «ማስመለስ»፦ ለጊት ሁለት ትእዛዞች የአማርኛ ስም

አንድ ሰው «መመለስ» ብሎ ቢጽፍልዎ ምን ይረዳሉ? ራሱ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው ወይስ የተዋሰውን መጽሐፍ ለባለቤቱ ሊመልስ? በአፍ ሲነገር ችግር የለም። ሰው ሲመለስ ሁለተኛዋን «መ» እናጠብቃታለን፤ ዕቃ ሲመልስ እናላላታለን። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ይህን ያነሣሁት ሶፍትዌር ሠሪዎች ከእጃቸው የማይለዩት ጊት ለ14 ዓመት ያህል ከዚሁ ዓይነት ችግር ጋር ስለኖረ ነው።

ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ለሊነክስ ከርነል ብሎ የጀመረው የስሪት መቆጣጠሪያ ነው። ሠሪው «ኮሚት» ባደረገ ቁጥር ሥራው ያለበትን ደረጃ መዝግቦ ያስቀምጣል። ዋናውን ሥራ ሳይነኩ አዲስ ነገር የሚሞክሩበት መስመር ደግሞ ብራንች ይባላል። ቅርንጫፍ ብንለው የሚያከራክር አይመስለኝም፤ ዛፉም ባንኩም ቃሉን አለማምደውናል።

ያስቸገረው ቼክአውት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ቃሉ ከጊት ይቀድማል። ዋልተር ቲቺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በሠራው አርሲኤስ በተባለ የስሪት መቆጣጠሪያ ውስጥ ትርጉሙ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንደ መዋስ ነበር። ሊያርም የፈለገ ሰው ፋይሉን ቆልፎ ይወስዳል፤ ሌላው ቁልፉ እስኪፈታ ይጠብቃል። ጊት ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉ ቅጂ በእጁ ስላለ መዋስ የሚባል ነገር የለም። ቃሉ ግን ቀረ፤ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎችንም ተሸከመ። ቅርንጫፍ ስም ከሰጡት ወደዚያ ቅርንጫፍ ይወስድዎታል። ፋይል ስም ከሰጡት በፋይሉ ላይ የሠሩትን አጥፍቶ ቀድሞ የተመዘገበውን ያመጣል። የትኛውን እንደፈለጉ የሚገምተው ከስሙ ነው፦ በዚህ ስም ቅርንጫፍ አለ? ከሌለ፣ ፋይል ወይም ፎልደር አለ?

ይህ ግምት እኔን አንድ ከሰዓት በኋላ አስከፍሎኛል። ፕሮጀክታችን ውስጥ «ሰነድ» የሚባል ፎልደር አለ፤ ለተጠቃሚው የሚሆነውን መመሪያ በአማርኛ የምንጽፍበት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ለእሱ ቅርንጫፍ ከፍታ በንጉሡ «ሠ» «ሠነድ» ብላ ሰይማው ነበር። እኔ ፎልደሩ ውስጥ አራት ፋይሎች ሳርም ቆይቼ፣ ኮሚት ሳላደርግ፣ ወደ እሷ ቅርንጫፍ ልሂድ ብዬ «ጊት ቼክአውት» ካልኩ በኋላ በእሳቱ «ሰ» «ሰነድ» ብዬ ጻፍኩ። ለእኛ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለማሽኑ የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። በእኔ አጻጻፍ ቅርንጫፍ አጣ፤ ፎልደር አገኘ። 4 ፋይሎች መታደሳቸውን በአንድ መስመር ነገረኝና ዝም አለ። ስከፍታቸው ከምሳ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ የለም። ኮሚት የተደረገ ሥራ ቢጠፋ ጊት የሄዱበትን ዱካ ከሚይዝበት መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ኮሚት ሳይደረግ የተደመሰሰ ግን እዚያ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2019 የወጣው የጊት 2.23 ስሪት ሁለቱን ሥራዎች ለያያቸው። ቅርንጫፍን ብቻ የሚመለከተው ስዊች ተባለ፤ ፋይልን ብቻ የሚመለከተው ሪስቶር። ቼክአውትም የለመደው እንዳይቸገር ባለበት ቀርቷል። ያን ቀን በስዊች ሠርቼ ቢሆን ኖሮ «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎኝ ያበቃ ነበር።

ወደ አማርኛ ስናመጣቸው ታዲያ፣ የጊት ሠሪዎች በስንት ጊዜ የለዩትን እኛ መልሰን እንዳንደባልቀው እፈራለሁ። ስዊችን «ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መመለስ»፣ ሪስቶርን «ፋይል መመለስ» ያልን እንደሆነ ደባልቀነዋል። «ቅርንጫፍ መቀየር» የሚለውም በየቢሮው ይሰማል፤ ግን ቅርንጫፉ ራሱ የተለወጠ ያስመስላል። የሚቀየረው ቅርንጫፉ ሳይሆን እኛ የቆምንበት ቦታ ነው።

ለስዊች መሻገር እላለሁ። የሚሻገረው ሰው ነው፤ ዕቃ ከሆነ ያሻግሩታል እንጂ አይሻገርም፤ ስለዚህ ቃሉ እንዲህ ያለ መደናገር የለውም። ደግሞም ቃሉ ከትእዛዙ ጠባይ ጋር ይሄዳል። ወንዝ የሚሻገር ሰው የያዘውን ይዞ ነው የሚሻገረው፤ ስዊችም ኮሚት ያላደረጉትን ለውጥ ይዞልዎት ይሻገራል። በመሻገሩ ለውጡ የሚደመሰስ ከሆነ ግን አላሻግርም ብሎ ያቆምዎታል፤ ያን ጊዜ ኮሚት ያድርጉ ወይም ለጊዜው «ስታሽ» አድርገው ያስቀምጡት። አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ ወዲያው ለመሻገር በትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትንሿ የላቲን «ሲ» ይጨመራሉ። ከስሙ ቦታ ሰረዝ ብቻ ከተጻፈ ቀድሞ ወደነበሩበት ያሻግራል።

ለሪስቶር ማስመለስ። ቃሉ የሆድ ሕመምን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ፤ አንባቢም ቀድሞ የሚያነሣብኝ ይኼንኑ ይመስለኛል። ነገር ግን «መሬቱን በፍርድ ቤት አስመለሰ» ሲባል ማንም ሌላውን ትርጉም አያስብም። ምን እንደተመለሰ ከተነገረ ቃሉ ጥርት ያለ ነው። ሌላም ቁም ነገር አለው፦ የሚያስመልስ ሰው ምን እንደሚያስመልስና ከየት እንደሆነ መናገር አለበት። ሪስቶርም እንዲሁ ነው፤ የፋይሉን ስም ይጠይቃል፤ «ሶርስ» በሚለው አማራጭ ደግሞ ከየትኛው ኮሚት እንደሚመጣ ይነገረዋል። ካልተነገረው ለቀጣዩ ኮሚት ከተዘጋጀው፣ ስቴጅ ከሚባለው ስፍራ ያመጣል። በእጅ ያለው ያልተመዘገበ ለውጥ እንደሚጠፋም ቃሉ አይደብቅም፤ የድሮው ሲመጣ የአሁኑ ቦታ ይለቃል።

ለአንድ አጠቃቀም ብቻ ማስመለስን አልወደውም። ሪስቶር «ስቴጅድ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሆን ፋይሉን ለኮሚት ከተዘጋጁት መካከል ያወጣዋል እንጂ በእጃችን ያለውን ጽሑፍ አይነካውም። እሱን «ከስቴጅ ማንሣት» ብንለው ጀማሪው ሥራዬ ጠፋ ብሎ አይደነግጥም።

ባልደረባዬ ቅርንጫፏን በእሳቱ «ሰ» ዳግም ሰይማዋለች፤ ፎልደሩን ደግሞ «መመሪያ» አልነው። ባለፈው ሳምንት፣ «ወደ ሰነድ ተሻገሪና የመግቢያውን ፋይል ከትናንቱ ኮሚት አስመልሺው» ብዬ ጻፍኩላት። የትኛውን ትእዛዝ እንደምትጠቀም ሳትጠይቀኝ ሠርታ ጨረሰች።