በተናዛዥ የአእምሮ ሁኔታ ምክንያት ኑዛዜን መቃወም

በተናዛዥ የአእምሮ ሁኔታ ምክንያት ኑዛዜን መቃወም ማለት፣ ወራሽ ወይም ሌላ ባለጥቅም «ሟች ሲናዘዝ አእምሮው በቦታው አልነበረም» ብሎ ኑዛዜው እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ክርክር ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ሕጉ ዕብደትን ሲተረጉም የአእምሮ ሕመምን ብቻ ሳይሆን፣ የሚሠራውን ሥራ እንዳይገነዘብ የሚያደርግ እርጅናንም ይጨምራል። ኑዛዜን ለማፍረስ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ተናዛዡ በተናዘዘበት ጊዜ ዕብደቱ በግልጽ የታወቀ እንደነበር መረጋገጥ አለበት፤ የማስረዳቱም ሸክም የተቃዋሚው ነው። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ መታመሙ ወሳኝ አይደለም።

«የታወቀ ዕብደት» የሚባለው ምንድን ነው? አንቀጽ 341 ሰውየው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ተኝቶ የሚገኝበትን ጊዜ ይጠቅሳል። አንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ላለበት ቦታ የተለየ መለኪያ ያስቀምጣል፦ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ከሆነ ዕብደቱ እንደታወቀ ይቆጠራል።

ልዩነቱ በደቡብ ወሎ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሐይቅ፣ ቤቱ ሆኖ የልጅ ልጆቹን ስም የሚረሳ ሽማግሌ ሆስፒታል ካልገባ፣ እንደ ሕጉ ቃል ዕብደቱ የታወቀ አይባልም። በአምባሰል ተራራ ላይ ባለች አነስተኛ መንደር ግን ልጆቹ ከደጅ እንዳይወጣ ይጠብቁት ከነበረ፣ የጎረቤት ምስክርነት ኑዛዜውን ሊያፈርስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ሕጉ የወጣው ዛሬ የምናውቀው ቀበሌ ከመመሥረቱ በፊት ስለሆነ፣ 2,000ው ነዋሪ በቀበሌ ይቆጠር ወይስ በጎጥ የሚለው ጥያቄ ውጤቱን ሊቀይር ይችላል።

ብዙ ጊዜ ወሳኙ ማስረጃ የምስክሮች ቃል ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት (አንቀጽ 881)፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለመዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሹም ከሆነ 2 ይበቃሉ። እነዚሁ ሰዎች ስለ ሟች ሁኔታ ሊጠየቁ ይችላሉ። ተናዛዡ ራሱ የጻፈው ኑዛዜ ግን ያለ ምስክር ሊደረግ ስለሚችል፣ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደነበረ የሚናገር ሰው ላይገኝ ይችላል።

በፍርድ የተከለከለ ሰው ከክልከላው በኋላ መናዘዝ አይችልም፤ ከዚያ በፊት ያደረገው ግን ይጸናል። የሟች አእምሮ ጤነኛ ሆኖም በመጨረሻ ሕመሙ ላስታመመው ሐኪም ወይም ለነፍስ አባቱ የተናዘዘው ንብረት በሌላ ምክንያት ሊቀነስ ወይም ሊፈርስ ይችላል።

ተቃዋሚው መዘግየት የለበትም። ኑዛዜውን መቃወም የሚፈልግ ይህን ሐሳቡን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያዛል፤ ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ አጭር ጊዜ ነው። ክርክሩ እንደ ንብረቱ ግምት በወረዳ ፍርድ ቤት ወይም ደሴ በሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀምራል።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት የመጠቀም መብትም በኑዛዜ ስለሚተላለፍ፣ ተከራካሪዎቹ የሚጣሉበት ነገር የእርሻ ማሳ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም ተከራካሪዎች ሁሉም ከተስማሙ ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ። በዚያም ተናዛዡ ጤናማ አእምሮ ሊኖረው ይገባል፤ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ኑዛዜው ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም።