ሰባት ሴቶችና አራት እሽግ

ወገል ጤና መጥቶ ቆሎ በስኒ እየሰፈረች የምትሸጥ ሴት ሳያይ የተመለሰ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም። ቆሎ የቆየ ሙያችን ነው። አያቶቻችን ለዘማች ስንቅ ሲሰንቁ ከበሶውና ከድርቆሹ ጋር ቆሎ ነበረበት። ቀዬውን ለቆ በየደብሩ የሚማረው ልጅም «የቆሎ ተማሪ» የተባለው በዚሁ ስንቅ ነው። ደጋው ደግሞ ለቆሎ የሚሆነውን ገብስ ለይቶ ያውቃል። «ሰነፍ ቆሎ» የምንለው ገብስ ገለባው ቶሎ ስለሚለቅ ብዙ መፈተግ አይፈልግም፤ ሰነፍ ሴት እንኳ አያቅታትም እንደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሙያ ይዘን ግን ቆሏችን በስማችን የሚጠራ ዕቃ አልሆነም። በ2000 ዓ.ም. በአገራችን በደላንታ የተገኘው ኦፓል አብዛኛው ጥሬውን እየወጣ ሌላ ቦታ ተሞርዶ ጌጥ ሲሆን አይተናል። ቆሎ ግን ገና ከጥሬው ጀምሮ በእጃችን ነው። ለዚህም ነው ቆሏችንን አሽገን ለሱቆች እናቅርብ የሚለው ሐሳብ በማኅበራችን የተነሣው። ሐሳቡን ሁላችን ወደድነው፤ ሦስት ነገር ግን አከራከረን። መነሻው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከጥሩው ጎን ረከስ ያለ ቆሎም እንሥራ ወይ? ትርፉንስ እንዴት እንካፈል? እነዚህኑ ጥያቄዎች ከእኛ በፊት የመለሱ የሕንድ ሴቶች ስላሉ ታሪካቸውን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ያኔ ቦምቤይ፣ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው ከተማ፣ ጊርጋውም በሚባል ሰፈር ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1951 ዓ.ም. ነበር። ሰባት የቤት እመቤቶች ከሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥተው ፓፓድ መሥራት ጀመሩ። አንዷ ጃስዋንቲቤን ፖፓት ይባላሉ። ፓፓድ ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ተለውሶ እንደ ወረቀት የሚሳሳ ቂጣ ነው፤ በፀሐይ ደርቆ ይቀመጥና ሲፈለግ ተጠብሶ ይበላል። ፓፓድ በእነሱ ቤት እንደ ቆሎ በእኛ ቤት ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ስለሚችሉት ማንም እንደ ሙያ አይቆጥርላቸውም።

ለመነሻ የሚሆናቸውን 80 ሩፒ ቻጋንላል ካራምሲ ፓሬክ ከሚባሉ በበጎ ሥራ ከሚታወቁ ሰው አገኙ። ልብ በሉልኝ፤ ብድር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ቢከስሩ እንኳ ምጽዋት ላይቀበሉ ገና ሲጀምሩ ተስማምተው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የወጣላቸው አራት እሽግ ብቻ ነው። እሱን ቡሌሽዋር በሚባለው ገበያ ለሚያውቁት ነጋዴ ሸጡ።

ፈተናው ብዙም አልቆየ። ክረምት ገባና ፀሐይ ጠፋ፤ ሥራው አራት ወር ቆመ። በሁለተኛው ዓመት ግን አልጋና ምድጃ ገዙ። ፓፓዱን አልጋው ላይ ዘርግተው ከሥሩ እሳት እያነደዱ አደረቁ፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ አላቆማቸውም። የተሰባበረውን ለጎረቤት ያድሉ ነበር እንጂ ከደህናው ጋር አይቀላቅሉም። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጫቸው 6,196 ሩፒ ሆነ።

ረከስ ያለውን ነገር በተመለከተ እነሱም እንደኛ አስበው ነበር፤ አንድ ጥሩ፣ አንድ ርካሽ ዓይነት ሊሠሩ። አበዳሪያቸው ግን በጥራት አትደራደሩ፣ ሒሳባችሁንም በሥርዓት ያዙ ብለው መከሯቸው። ምክሩን ሰሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለፓፓዳቸው «ሊጃት» የሚል ስም አወጡለት፤ በጉጃራት ቋንቋ ጣፋጭ ማለት ነው። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ማኅበራቸውን በሕግ አስመዘገቡ።

ሥራው ሲሰፋም ሴቶቹን ከቤታቸው ነቅሎ ፋብሪካ አላስገባቸውም። ሊጡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን ይለወሳል። እያንዳንዷ ድርሻዋን ተመዝኖላት ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ ልጇን እያየች ትዳምጣለች፣ ታደርቃለች። በማግሥቱ የሠራችውን ስታመጣ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ዋጋዋም ይከፈላታል። አባል ሁሉ የድርጅቱ ባለቤት ናት፤ ትርፍም ኪሳራም የጋራ ነው። እርስ በርስ የሚጠራሩትም «ቤን»፣ እኅቴ፣ እየተባባሉ ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 45,000 ይደርሳል። ጃስዋንቲቤን ፖፓትም በ2013 ዓ.ም. ፓድማ ሽሪ ለሚባለው የሕንድ መንግሥት የክብር ሽልማት በቁ።

እኛ ከዚህ ምን እንውሰድ? ሁሉ ነገራችን አንድ አይደለም። እነሱ የትልቅ ከተማ ገበያ ደጃቸው ነበር፤ የእኛ ቆሎ ደሴና ወልድያ ለመድረስ መንገድ አለበት። የደጋው ክረምት ደግሞ ቆሎን ያለሰልሳል፤ ስለዚህ ከምንም በፊት ማሰብ ያለብን ስለ ደረቅ ማስቀመጫና በደንብ ስለሚዘጋ ማሸጊያ ነው። ያ የእኛ አልጋና ምድጃ ነው።

ትልቁ ችግራችን ግን ከራሳችን ነው። ከአሥር ቤት የመጣ ቆሎ አሥር ጣዕም አለው፤ አንዱ ያረረ፣ አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ጠጠር ያለበት። አንድ ጊዜ ጥርሱን ጠጠር የነካው ገዢ እሽጋችንን ሁለተኛ አያነሣም። እህሉ በአንድ ቦታ ይገዛ፣ ይለቀም፣ ይፈተግ፤ ከዚያ ተመዝኖ ለየቤቱ ይሰጥ። ተቆልቶ ሲመጣ ቀምሰን እንቀበል፤ ያረረውን የራሳችንን እኅት ቆሎ ቢሆንም እንመልስ። ይህ ለእኛ ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳል፤ ጎረቤትን «ይህ አይሆንም» ማለት ለምደን አናውቅምና።

ረከስ ያለውን እንተወው። መነሻውን ከቁጠባችን በብድር እንውሰድና በጽሑፍ እንመልስ። ሠርታ ያመጣች ዋጋዋን በዕለቱ ታግኝ፤ ትርፉን በዓመቱ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ እኩል እንካፈል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እስከ ዛሬ ያደረጋችሁልንን አንረሳም። ለዚህ ሥራ ግን ከስጦታ ይልቅ ቆሏችንን ቀምሳችሁ እውነቱን ብትነግሩን፣ ከወደዳችሁትም በዋጋው ብትገዙን ይበልጥብናል። «ቆሎ ለዘር አይሆንም» ይባላል፤ በማሳ ላይ እውነት ነው። የእነዚያ ሴቶች አራት እሽግ ግን በቅሏል። በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ በዚህ ሐሳብ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ እናንተም አስባችሁበት ኑ።