የምድጃ አደራ፦ የማገዶ ቁጠባ ታሪክ በደሴና በአካባቢዋ

የደቡብ ወሎ መሬት ታሪክ በተነሣ ቁጥር የደን መመናመን፣ የአፈር መከላትና ድርቅ አብረው ይነሣሉ፤ የእነዚህ ሁሉ ነገሮች ክር የሚገናኝበት የቤት ምድጃ ግን እምብዛም አይወሳም። ሆኖም በዚህ አገር ለረጅም ዘመን ዛፍ የወደቀው ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ለሚነደው እሳት ጭምር በመሆኑ፣ ፍጥረትን የመጠበቅ ታሪክ ግማሹ የተከላ ታሪክ ከሆነ ሌላው ግማሽ የማገዶ አያያዝ ታሪክ ነው። ማገዶ ሲባልም ፍልጥ እንጨት፣ ጭራሮ፣ ቅጠል፣ ከሰልና ኩበት፣ ማለትም ተጠፍጥፎ የደረቀ የከብት እበት፣ ሁሉም በአንድነት ይታያሉ።

ደሴ ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ መቀመጫቸው ካደረጓት ጊዜ ጀምሮ በጦሳ ተራራ ሥር ያደገች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ ዝቅ ብላ በ1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ይህ የከፍታ ልዩነት በማዕድ ቤት ሳይቀር ይታወቃል። አየሩ በሳሳበት በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ማገዶ ይፈልጋሉ፤ የክረምቱ ብርድም ምድጃው ቶሎ እንዳይጠፋ ያስገድዳል። የደጋው ሰው እሳትን በቁጠባ መያዝ የለመደው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

ልማዱ በዝርዝር ሲታይ ጥንቃቄው ይገለጣል። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን ማታ የቀረው ፍም በአመድ ይዳፈን ነበር፤ መዳፈን ማለት ፍሙ ሳይነድና ሳይጠፋ እስከ ንጋት እንዲቆይ አየሩን መከልከል ነው። እሳቱ የጠፋበት ቤት ከጎረቤት በገል እሳት ይጭር ስለነበር የአንዱ ቤት ፍም የመንደሩም ጭምር ነበር። ጥራጥሬ ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፣ ድስት ይከደናል፣ ምጣዱ በአክንባሎ፣ ማለትም ሙቀትና እንፋሎት በሚያፍን ክዳን፣ ይሸፈናል። እንጀራም በየዕለቱ ሳይሆን ለበርካታ ቀናት የሚበቃው በአንድ ጊዜ ይጋገራል፤ አንድ ጊዜ የጋለው ምጣድ ከመጨረሻው እንጀራ በኋላ ቆሎ ይቆላበታል፣ በቀረው ፍም ደግሞ ቡና ይፈላል።

ይሁን እንጂ ቁጠባው ብቻውን የሚያድገውን ሕዝብና ከተማ ፍላጎት አልቻለም። እንጨት በራቀበት ደጋ ሰው ወደ ኩበት ዞረ፤ ለማሳው ፍግ ሊሆን የሚገባው እበት በምድጃ ሲነድም አፈሩ ሲሳዩን አጣ። ሌላው መውጫ ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ባሕር ዛፍ የተባለው ተክል ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ተተክሎ ወደየክፍለ ሀገሩ የተዛመተው ይህ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ የከተማ ማገዶ ዋና ምንጭ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በወሎ የተነሡ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከታየው ገጽታ ጋር አነጻጽረው ዛፉ ቀንሶ ሳይሆን በዝቶ ማግኘታቸው፣ የወሎ ገበሬ ደን አጥፊ ብቻ ሳይሆን ተካይም እንደነበር ያስረዳል።

ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረኃቦች በኋላ መንግሥት በምግብ ለሥራ፣ ማለትም በእህል በሚከፈል የጉልበት ሥራ፣ ተራሮችን አስጠርቦ እርከን አሠራ፣ ችግኝም አስተከለ፤ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባርም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር መከላት መጠን የሚለካበት የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባለቤት ያልታወቀላቸው ብዙ የጋራ ደኖች ተጨፈጨፉ። በትእዛዝ የተተከለ ደን የማገዶ ፍላጎት ካልቀነሰና ሰው የእኔ ካላለው እንደማይዘልቅ ይህ ዘመን በግልጽ አሳይቷል።

በእነዚያው ዓመታት በሀገር ደረጃ ትኩረቱ ወደ ምድጃው ራሱ መዞር ጀመረ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት በሦስቱ ድንጋዮች መካከል ሙቀቱ በየአቅጣጫው ስለሚያመልጥ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራጨው ምርጥ ምጣድ እሳቱን ከሲሚንቶና ከአሸዋ በተሠሩ ተገጣጣሚ ግድግዳዎች ከብቦ፣ በጢስ መውጫው በኩል የሚወጣውን ሙቀት ለድስት እንዲውል አደረገ፤ ከጉልቻም ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በውስጡ የሸክላ ሽፋን ያለው የከሰል ምድጃ ላቀችም ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ይልቅ ከሰልን በሩብ ያህል ይቆጥባል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ለወጡ እውነት ቢሆንም፣ ለተራራው ግን ጉልቻ መለወጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ለወሎ ሕዝብ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በየአድባራቱ ቅጽር እነ ጥድና ወይራ ተጠብቀው የቆዩት ሰው የፍጥረት ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም በሚል እምነት ነው፤ በእስልምናም ምድር በአማና፣ ማለትም በአደራ፣ የተሰጠች ስትሆን ኢስራፍ፣ ማለትም ማባከን፣ የተነቀፈ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው እሳት በተጫጫሩበት አገር ይህ አስተምህሮ ለሁለቱም ማዕድ ቤት የጋራ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት የዛሬው ቤትም ከዚህ አደራ ነፃ አይደለም። ምጣዱ እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል የሚስብ ሲሆን፣ የሀገሪቱ ኃይል በብዛት የሚመነጨው ከወንዞች ነው። ከደሴ በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ውኃቸውን በበሽሎ በኩል ለዓባይ ስለሚገብሩ፣ በማገዶ የተራቆተ ተዳፋት አፈሩን አጥቦ የሚልከው በዓባይ ላይ ወደተሠራው ግድብ ነው። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን በአንድ ጊዜ የምትጋግር፣ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎችም ሶኬቱን ነቅላ በቀረው ግለት የምታወጣ ሴት፣ ፍሙን በአመድ ስትዳፍን የኖረችው ቅድመ አያቷ የጀመረችውን ሥራ ትቀጥላለች።