ጠማማ ደጋን እንዴት ይታረቃል?

«ጠመንጃ ደገነ» እንላለን። በዜና እንለዋለን፣ በፊልም እንለዋለን፣ ጎረቤት ሲጣላ እንለዋለን። ግን ቆይ፣ ጠመንጃ እንዴት ይደገናል? ጠመንጃ ይነጣጠራል፣ ይቀባበላል፣ ይተኮሳል። የሚደገነው ደጋን ነበር፤ ጅማት የሚወጠርበት፣ ፍላጻ የሚያስፈነጥር ጎባጣ እንጨት። ደጋኑ ከወታደሩ ትከሻ ከወረደ ዘመናት ቢያልፉም ግሡ አልወረደም፤ ጠመንጃው ላይ ተንጠላጥሎ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ይህን ግስ ይዘን እስቲ ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። (በሐሳብ ነው፤ የውሎ አበል የሚከፍለን የለም።) የደብረ ታቦሩ መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደሩ የሚገነጠለው ወረታ ላይ ነው። ዛሬ ፎገራ ሲባል የሚታወሰን ሩዝ ነው። ሩዙ ግን ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከእሱ በፊት የሜዳው ስም የሚነሳው በፎገራ ከብቶች ነበር። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት ይህ ለጥ ያለ አገር ለከብት እንደሚመች ሁሉ ለጦርም ይመቻል፤ የበጌምድር ታሪክ ደግሞ ጦር አያጣውም።

ደጋን ከጠመንጃ በፊት የከበረ መሣሪያ ነበር። ግሪካዊው ሄሮዶተስ «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸው ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን፣ በተለይ የኩሽን ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በንጉሥ ሰርክሲስ ሠራዊት ውስጥ ርዝመቱ ከ4 ክንድ የማያንስ ደጋን ይዘው እንደዘመቱ ጽፏል፤ ወደ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ግብፃውያንም የኑብያን ምድር «የደጋን አገር» ይሉት ነበር። በእኛ ደጋም በመካከለኛው ዘመን ከጋሻና ከጦር ጎን ባለ ቀስት ይዘምት ነበር።

ከዚያ ባሩዱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን አስከትሎ ምጽዋ ወረደ፤ ኢማም አህመድ ኢብራሂምም ከኦቶማን ያገኟቸው ነፍጠኞች ነበሯቸው። የካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ነገሩ ተቋጨ፤ ኢማሙ የወደቁት በጥይት ነው። የኃይል ምልክቱ ነፍጥ ሆነ። 3 መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ከወረታ በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ተሠራ። መድፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደጋኑን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ቀስት ጨርሶ አልጠፋም፤ በምዕራብ፣ በመተከል በኩል ጉሙዞች ከእጃቸው አላወጡትም። በደጋው ግን የሚገርም ነገር ሆነ። ደጋን ከጦር ሜዳ ወጥቶ ጓዳ ገባ። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ በደጋን ይነደፋል። ሴቲቱ የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ እየነዘረች ታፈካዋለች፤ የተነደፈው ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ሸማኔው ዘንድ ይሄዳል። በግእዝ «ነደፈ» ማለት በፍላጻ ወጋ ማለት ነው። ዛሬ ንብ ይነድፋል፣ እናት ጥጥ ትነድፋለች። አዝማሪውም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን ይዞ ማሲንቆውን ይመታል። መግደያ የነበረው አልባሽና አጫዋች ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን። ለጦርም ሆነ ለጥጥ፣ የእንጨት ደጋን አንድ የታወቀ በሽታ አለው፤ ክንዱ ይጣመማል። ጅማቱ ሲወጠር በመሐል መዋሉ ይቀርና ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ዛፍ ሲያድግ ጭረቱ ግንዱን እየዞረ ይወጣል። አንዳንዱ እንጨት ሲደርቅ እኩል አይደርቅም። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጠራቢው ነው፤ አንዱን ጎን አሳስቶ ሌላውን ወፍራም ይተወዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው እሳት ነው። ክንዱ እንዳያርር ከነበልባሉ ራቅ ተደርጎ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የእንጨቱን ጭረት ያጣበቀውን ሊግኒን ያለሰልሰዋል። ያኔ ወደ ተቃራኒው ይጠመዘዛል፤ እንጨት መመለሱ ስለማይቀር ከሚፈለገው ትንሽ ይታለፋል። ከዚያ ታስሮ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ሳይቀዘቅዝ የፈታው ሰው ልፋቱን እዚያው ያጣዋል፤ ቀዘቀዘ ብሎ ወዲያው የወጠረውም ሊሰብረው ይችላል፤ በእሳት የደረቀ እንጨት እርጥበቱን እስኪመልስ ጥቂት ቀን ማረፍ አለበት።

ሁለተኛው ቢላ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከደካማው ጎን ላይ እንጨት መጨመር አይቻልም፤ የተጠረበ ተጠርቧል። የሚቻለው ከጠንካራው ጎን ጥቂት ጥቂት መፋቅ፣ ወጥሮ ማየት፣ እንደገና መፋቅ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ሲለመጡ ጅማቱ ራሱ መሐሉን ያገኛል። ዋጋውም አለ፤ ደጋኑ በጥቂቱ ይላላል፤ ግን አይሰበርም።

አማርኛ ይህን ሥራ ምን ይለዋል? ማረቅ። የጎበጠ እንጨት ይታረቃል። የተጣላ ሰውስ? እሱም ይታረቃል። ውጥር ያለው ሰው «ግትር» ነው፤ ቀስትም ይገተራል። አካሄዱ ያላማረን ሰው «ጠማማ» ነው፤ ክንዱም ይጣመማል። ለሽምግልና የምንጠቀምበት ቃል አናጢው ለእንጨት ከሚጠቀምበት አንድ ነው። ዘፍጥረት ውስጥም ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ለኖኅ የሰጠው የኪዳን ምልክት ቀስት ነው፤ ደመና ላይ የተሰቀለ ቀስት።

እንግሊዞች ዕድለኞች ናቸው። ሜሪ ሮዝ የተባለችው የጦር መርከባቸው ከወይና ደጋ 2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጠመች፤ በ1982 ስትወጣ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ረጃጅም ደጋኖች ከሆዷ ተገኝተው ነበር። የኛ ደጋን የሰጠመው ቋንቋችን ውስጥ ነው። የሠሩት እጆች ደግሞ የተከበሩ አልነበሩም፤ አንጥረኛውን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። የነዳፊዋንማ ሥራ «የሴት ሥራ» ብለን ከታሪክ አውጥተነዋል። መድፍ ያሠራውን ንጉሥ በስሙ እናውቀዋለን፤ ጠማማ ያረቀውን ሰው ግን ስም የጻፈለት የለም።

ይህ የሚያሳስበን ለትዝታ ብለን አይደለም። በዚህ አገር የሚደግን ጠፍቶ አያውቅም። የሚያርቅ ነው የሚያንሰው፤ ማረቅ ደግሞ እንዳየነው ሙያ ነው። በቀስታ ማሞቅ ይጠይቃል፣ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚፋቀው ጠንካራው ጎን መሆኑን መቀበል ይጠይቃል። ደካማውን እየፋቀ «አረቅሁ» የሚል ሰው ደጋኑን ይሰብረዋል።