ዜና ሂጳጥያ ወለተ ቴዎን

ይህ ዜና በባሌ ምድር፣ በጊኒር ከተማ ተጻፈ። ነገሩ ግን የእስክንድርያ ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ቴዎን የሚባል የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ነበር። ሂጳጥያ የምትባል ልጅም ነበረችው። እርሷም የአባቷን ትምህርት ጠንቅቃ ያዘች፤ ኋላም በለጠችው። ቴዎን የበጥሊሞስን የከዋክብት መጽሐፍ ሲያብራራ፣ በሦስተኛው ክፍል ራስጌ መጽሐፉን የመረመረችው ልጁ ሂጳጥያ መሆኗን በእጁ ጻፈ። ይህ የአባት ምስክርነት በእኔ ዘንድ ከሹመት ሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ለተማሪዎቿ መጻሕፍት ታሰናዳ ጀመር። የዲዮፋንጦስን የቁጥር መጽሐፍ ፈታች፤ የአጶሎንዮስንም የኮን ቁርጥ መጽሐፍ ፈታች። ሥራዋ የእኛ ሊቃውንት አንድምታ የሚሉት ነው፤ ከባዱን ንባብ ለደቀ መዝሙር አፍታትቶ መስጠት። ዛሬ በጊኒር የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጠመኔ የሚሥላቸው የኮን ቁርጦች፣ ኤሊፕስ፣ ፓራቦላና ሃይፐርቦላ፣ ያንጊዜ እርሷ ያብራራቻቸው ናቸው። ደቀ መዝሙሯ ሲኔስዮስ፣ ኋላ ጳጳስ የሆነው፣ አስትሮላብ የተባለውን የከዋክብት መለኪያ መሥራትን ከእርሷ ተማረ፤ በደብዳቤውም እናትም እኅትም መምህርም አድርጎ ጠራት።

እ.ኤ.አ. በ415፣ በጾም ወራት፣ የከተማይቱ ገዥ ኦሬስጦስና ሊቀ ጳጳሱ ቄርሎስ ተጣልተው ሳሉ፣ ዕርቁን የከለከለች ሂጳጥያ ናት የሚል ወሬ ተነዛ። ጴጥሮስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን አንባቢ የመራው ሕዝብም ከሠረገላዋ አወረዳት፤ ቄሣርዮን ወደተባለው ቤተ ክርስቲያን ጎትቶ ወስዶ ገደላት፤ ሥጋዋንም አቃጠለ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ፣ እርሱም ክርስቲያን ሳለ፣ ድርጊቱን አጥብቆ ነቀፈ።

ዘመን አለፈና በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የኒቅዮስ ጳጳስ ዮሐንስ ዜና መዋዕል ጻፈ። በዚያም ሂጳጥያን አስማተኛ አላት፤ አስትሮላቧንም ከጥንቆላ ቆጠረባት። የመጽሐፉ ጥንተ ንባብ ጠፋ፤ የዐረብኛውም ትርጉም ጠፋ። የቀረው እ.ኤ.አ. በ1602 በእቴጌ ማርያም ሥናና በራስ አትናቴዎስ ትእዛዝ፣ ግብፃዊው ዲያቆን ገብርኤል በተሳተፈበት ሥራ፣ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ያ የሐሰት ክስ እስከ ዛሬ የኖረው እንግዲህ በእኛ ብራና ላይ፣ በአንዲት እቴጌ ቃል ነው። ስለዚህ ዕዳው በእኛ ላይ አለ፤ የተጻፈውን መፋቅ አይገባም፣ እውነቱን ከጎኑ ማኖር ግን ይገባል።

ይህን ዕዳ ከዚሁ መክፈል ይቻላል፤ በባሌ ቁጥር እንግዳ አይደለም፤ የገዳ አባቶች ዘመንን በስምንት በስምንት ዓመት ሲቆጥሩ ኖረዋል። አሁን ደግሞ ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል፤ ከጊኒርም ወደዚያ መውጣት የሚሹ ልጃገረዶች በየክፍሉ ተቀምጠዋል።

የጊኒር የሒሳብ መምህራን ሆይ፣ ኤሊፕስ በሣላችሁ ቀን የሂጳጥያን ስም ከሥዕሉ አጠገብ ጻፉ፤ ልጃገረዶቹም በደብተራቸው ይገልብጡት።