ዘውዱን ፈልጉ፣ ስሙን ጻፉ



ከኬንቲሽ ታውን በባቡር አንድ ፌርማታ ተጉዛችሁ ካምደን ታውን ገበያ ብትገቡ፣ ዘውድ የጫነ አንበሳ ያለበት ኮፍያና ካናቴራ አታጡም። ልጆቻችንም አንበሳውን ያውቁታል፤ ብዙዎቹ ግን የሬጌ ሙዚቃ ምልክት ብቻ ይመስላቸዋል። ያው አንበሳ እኮ እቤት ባለው አልበም ውስጥ፣ በአያታቸው ኮፍያ ላይ ሊኖር ይችላል። የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሳ ዘመድ ፎቶ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ማን ነው? መቼ ነው የተነሳው? ሲባል ግን መልስ ይጠፋል። ልብሱን ማንበብ ከቻልን ግማሹን መልስ እሱ ይሰጠናል።

መጀመሪያ ዘውዱን ፈልጉ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥቱ ምልክት ዘውድ የጫነ አንበሳ ነበር፤ የያዘው የሰንደቅ ዘንግ ጫፉ ላይ መስቀል ነበረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ደርግ የአንበሳውን ዘውድ አነሳ፤ መስቀሉንም በጦር ጫፍ ተካው። ብዙ ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ቀረ። ስለዚህ ኮፍያው ላይ ዘውድ ካያችሁ ፎቶው ከ1967 በፊት የተነሳ መሆኑ አይቀርም። የወታደር ልብስ በአንድ ቀን ስለማይቀየር ግን ጥቂት ወራት ወዲህና ወዲያ በሉ።

ቀጥሎ ክንድና ትከሻ። ክንድ ላይ እንደ ቀስት የታጠፉ መስመሮች የበታች ሹም ያመለክታሉ፤ ትከሻ ላይ ያሉ ኮከቦች ደግሞ መኮንን። እዚህ ላይ ለልጆቹ ጥሩ የአማርኛ ትምህርት አለ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ እያላችሁ አስቆጥሯቸው። ሻለቃ ሲደርሱ «ሺ» የት እንደተደበቀች ራሳቸው ይፈልጉ፤ የሺ አለቃ ማለት ነው።

ሦስተኛው የኮሪያ ምልክት ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሳ። ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ። የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት በቀይ ክብ ውስጥ ያለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው። አንዱ ሰባት ቁጥር ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ ሲገናኙ የሚፈጠር ቅርጽ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀዩና ጥቁሩ ስለሚመሳሰሉ በአጉሊ መነጽር እዩት። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም ይባላል። በደርግ ዘመን በኮሚኒስቶች ላይ ተዋግቶ መመለስ የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳያቸውን የደበቁ፣ ስለ ኮሪያ ማውራት የተዉ ብዙ ናቸው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ ተራው የእነዚያ ወታደሮች ሆነ። በየቤቱ ያለው ዝምታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አባባ ወይም ጋሼ ስለ ልብሱ ሲጠየቁ ዝም ካሉ አትጫኗቸው፤ ሌላ ቀን በቡና ላይ ይነሳል።

አሁን አንድ ነገር እናወዳድር። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ድረስ ለዘመቱ ወታደሮቻቸው ሜዳይ ሰጥተዋል። ዙሪያውን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ነው፤ በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ተቀርጿል። ፊደሎቹም ልክ ዘጠኝ ናቸው። ለእንግሊዝ ወታደሮች በተሰጡት ላይ ጀርባውን ብትገለብጡት የወታደሩ ስምና የክፍሉ ስም በብረቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከ150 ዓመት በላይ አልፎም ተራው ወታደር ማን እንደነበረ ይታወቃል። በመቅደላ የሞቱትን ተራ የቴዎድሮስ ወታደሮች ስም የያዘ ብረት ግን የለም።

የእኛን ፎቶዎች ስንገለብጣቸውስ? ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው፤ ቢበዛ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል። ምልክቱ ዘመኑን፣ ማዕረጉንና የጦር ክፍሉን ይነግረናል እንጂ ስሙን አይነግረንም። ስሙን የሚያውቁት አያቶች ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ፎቶ ብቻ አውጡ። ልጃችሁ ዘውዱን፣ ክንዱንና ትከሻውን ይመርምር። ከዚያ አገር ቤት ደውላችሁ ስልኩን ለልጁ ስጡት፤ እሱ ራሱ «እማማ፣ ይሄ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫን፣ በፎቶው ጀርባ በአማርኛ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣልና አይሁን። ሙሉ ስም ከነአባት፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ይበቃል። ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም፤ ስሙ ይገኝ።